የዶሮዋን ስም ወስዳችሁ ዶሮዋን ተዋችኋት፦ በጅማ በርገርና ሳንድዊች ለምትሸጡ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጅማ ከተማ በርገር፣ ሳንድዊችና የተጠበሰ ዶሮ ለምትሸጡ ምግብ ቤቶች ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች

ግልባጭ፦ ከእነዚህ ቤቶች ለሚመገበው የከተማችን ሕዝብ

የተከበራችሁ ባለቤቶች፣ እንደምን ከርማችኋል?

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ዶሮ ሜዳ ላይ ለቅቀን የምናረባ 34 ሴቶች ነን። ጂረን ያለን አለን፣ ቆጪ ያለን አለን፣ በሰቃ መንገድና በሰርቦ በኩልም አለን። ትልቅ እርባታ የለንም። ብዙ ያላት 60 ዶሮ አላት፣ ትንሽ ያላት 9። ጠዋት በር ከፍተን እንለቃቸዋለን። ቡናው ሥር፣ አቮካዶው ሥር፣ እንሰቱ መሐል ሲጭሩ ይውላሉ። ሲመሽ ራሳቸው ተመልሰው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። እኛ በሩን እንዘጋለን።

ከእናንተ መካከል አራት ቤቶች ለሁለት ዓመት ያህል እንቁላል ከእኛ ይወስዱ ነበር። የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ቃል ነበር። ሐሙስ እንሰበስባለን፣ አርብ ጠዋት በባጃጅ እናደርሳለን። ጾም ሲገባ ይቀንሳል፣ ጾም ሲፈታ ይጨምራል። እሱንም ለምደነው ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ አርብ 18 ትሪ ጭነን አንዱ ቤት በር ላይ ደረስን። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወጥቶ "ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አቁመናል፣ አልተነገራችሁም እንዴ?" አለን። አልተነገረንም። 540 እንቁላል ይዘን በር ላይ ቆምን። ፀሐይ ሳይከር ሱቅ ለሱቅ እየዞርን ባገኘነው ዋጋ ሸጥን። ሰባት ትሪ ወደ ቤት ተመለሰ። በወሩ ውስጥ ሦስቱም ቤቶች ተከተሉ። ከሦስቱ አስቀድሞ ስልክ የደወለልን አንዱ ብቻ ነው።

ከማን እንደምትገዙ መምረጥ መብታችሁ ነው። እኛም ነጋዴዎች ነን፣ ይገባናል። በመተዋችሁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። ሌላ ደንበኛ እንፈልግ ነበር። የጻፍነው ሰሌዳው ስላልተነሳ ነው።

ከአራቱ ቤቶች በሁለቱ ግድግዳ ላይ "በሐበሻ እንቁላል የተሠራ" የሚለው ጽሑፍ ዛሬም አለ። በአንደኛው ሣር ላይ የምትጭር ቀይ ዶሮ ሥዕል አብሮ አለ። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ግንቦት ላይ ከጓደኞቿ ጋር ገብታ የእንቁላል ሳንድዊች አዘዘች። ከተራው ሳንድዊች 15 ብር ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ አስተናጋጁን ጠየቀችው። "የሐበሻ ስለሆነ" አላት። ልጅቷ እንቁላል እየሰበሰበች ነው ያደገችው። እጇን ልትታጠብ ስታልፍ የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ትሪው እስከ ወገቧ ድረስ ተደርድሯል። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ትልልቅ፣ ሁሉም እኩል። የሐበሻ እንቁላል እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እኛ ትሪ ላይ 30 እንቁላል ካለ 30 ዓይነት ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ዳለቻ፣ አንዱ ሾጠጥ ያለ፣ አንዱ ከሎሚ የማይበልጥ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ከፍላ ወጣች። ማታ ለእናቷ ነገረቻት።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እዚህ የተታለለው 15 ብር ጨምሮ የከፈለው ተመጋቢ ነው። ያ ገንዘብ ለእኛ አልመጣም፤ ሜዳ ለዋለች ዶሮም አልዋለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን ያነሳነው ልንከሳችሁ ፈልገን አይደለም። ሰሌዳው የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቁልን ነው።

እዚህ ላይ እኛም ስንሳሳትበት የኖርነውን አንድ ነገር እናስተካክል። "የሐበሻ" እና "የፈረንጅ" የምንለው ዘሯን ነው። እንዴት እንደምትኖር አይነግረንም። የፈረንጅ ዶሮም ሜዳ ላይ መዋል ትችላለች። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመር ብዙዎቻችን ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉ የፈረንጅ ዘሮችን በ45 ቀናቸው ገዝተን ከሐበሻዎቹ ጋር ቀላቅለናል። አንድ ላይ ይጭራሉ፣ አንድ ቆጥ ላይ ያድራሉ። ስለዚህ ቡናማ እንቁላል ሁሉ የኬጅ፣ ማለትም በሽቦ ሳጥን ተዘግታ የምትኖር ዶሮ፣ ነው አንልም። የቅርፊቱ ቀለም ከዘሯ ነው የሚመጣው። የአስኳሉ መድመቅም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ያገኘች ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል፤ መኖ ውስጥ ቀለም ጨምሮም ማድመቅ ይቻላል። ዋናው ጥያቄ ዶሮዋ የት ነው የዋለችው የሚለው ነው። እሱን ደግሞ ሄዶ ካላዩ አይታወቅም።

እኛ ሄደን አየን። እንቁላሉን የሚያመጣላችሁን ሹፌር ጠየቅነው፣ ነገረን። ሁለት ሆነን ተሳፈርን። የእርባታውን ቦታና ስም አንጠቅስም። ባለቤቱ ሳያንገራግር አስገባን፣ ሻይ አጠጣን፣ የጠየቅነውን ሁሉ መለሰልን።

ኬጁ ሦስት ደርብ ነው። በአንዱ ሳጥን አምስት ዶሮ አለ። ወለሉ ሽቦ ነው፤ እንቁላሉ ተንከባሎ እንዲወጣ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። የሁለት ሺህ ዶሮ ድምፅ ከቆርቆሮው ጋር ጆሮ ይበሳል። እኔ፣ ይህን የምጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊ፣ አንዲት ዶሮ ፊት ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋት። አንገቷ ላይ ላባ የለም። መኖ ለመልቀም ባሾለከች ቁጥር ሽቦው ፈግፍጎታል። ጥፍሯ ረዝሞ ተጠማዟል፤ የሚሞርደው መሬት የለማ። ትንሽ ቆይታ ቁጭ አለች። ላባዋን ነፋች። በእግሯ ሽቦውን ጫር ጫር አደረገች። ጎኗን ሽቦው ላይ አሸች፤ ክንፏን ልታራግፍ ስትል ጎረቤቷን መታች። ደግማ ጫረች። ምን እያደረገች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈር እየታጠበች ነበር። አፈር ግን አልነበረም።

ዶሮ ያሳደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ግድግዳ ሥር ወይም ቡና ሥር ደረቅ አፈር ትፈልጋለች። በጥፍሯ ትቆፍርና እንደ ድስት የጎደጎደ ጉድጓድ ትሠራለች። እዚያ ውስጥ ትተኛለች፣ አፈሩን በክንፏ ወደ ጀርባዋ ትነሰንሳለች፣ በጎኗ ትንከባለላለች፣ አንድ እግሯን ዘርግታ ዓይኗን ትከድናለች። ስትጨርስ ተነስታ ስትራገፍ አቧራው ይበናል። ቅማልና የላባ ቅባት የምታጸዳው በዚህ ነው። እኔ ጓሮ አራት እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ልጆቼ እየተደናቀፉባቸው ነው ያደጉት። የዶሮን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ኬጅ ውስጥ ያለች ዶሮ አፈር ሳይኖር ሽቦ ላይ አፈር እንደምትታጠብ መዝግበዋል። ፍላጎቱ አብሯት የተወለደ ነው፣ በኬጅ አይጠፋም።

ስለ ስፋቱም እንናገር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ባዶ ሽቦው ኬጅ ሳይከለከል በፊት ለአንድ ዶሮ ይፈለግ የነበረው ትንሹ ቦታ 550 ካሬ ሴንቲሜትር ነበር። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት 620 ገደማ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ አንዲት ዶሮ ከዚያ ባነሰ ቦታ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ስትቆም አስቡት። ያ ኬጅ እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ ተከልክሏል። ስዊዘርላንድ ከዚያ 20 ዓመት ቀድማ ከልክላለች። እኛ ያየነው ሳጥን ግን ከዚያ ከተከለከለው የሰፋ አልመሰለንም።

ባለቤቱ የነገረንን ደግሞ ሳንደብቅ እናስቀምጠው። ኬጅ ውስጥ ዶሮዋ ከኩሷ ስለምትለይ የሆድ ትል ይቀንሳል፣ እንቁላሉም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መሬት ጠባብ ነው፣ መኖ ተወዷል፣ ምግብ ቤቶች ደግሞ ዋጋ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቁትም። "የሚጠይቀኝ ቢኖር ግማሹን መሬት ላይ አወርድ ነበር" አለን። አርጅተው ሲወጡ ክንፋቸው በቀላሉ እንደሚሰበር የነገረንም እሱ ራሱ ነው። የማትራመድ፣ የማትዘል፣ ቆጥ የማትወጣ ዶሮ አጥንቷ ይሳሳል። ክፉ ሰው አይደለም። በተጠየቀው መጠን ነው የሚሠራው።

የእናንተንም ምክንያት እናውቃለን፤ ሁለት ቤቶች ሄደን ስንጠይቅ ነግራችሁናል። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ነው አላችሁ። እውነት ነው። የእኛ 40 ግራም አካባቢ ነው፣ የቦቫንሷ 60 ይደርሳል። አንዳንዴ ቆሽሾ ይመጣል አላችሁ። እሱም እውነት ነው፤ በክረምት ጭቃ ይነካዋል፣ እኛም ጎጆውን ጭድ እየቀየርን ነው። አቅርቦቱ ይቆራረጣል አላችሁ። ከሁሉም የከበደው ይህኛው ስለሆነ እናስላው። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል ጥላ ልታቅፍ ትቀመጣለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው የምትጥለው። በቀን 10 ትሪ የሚፈልግ ቤት በሐበሻ ብቻ ልሥራ ቢል ከ1,800 በላይ ዶሮ ያስፈልገዋል። የ34ታችንም ተደምሮ 800 ገደማ ነው። ስለዚህ አንችልም። ለሙሉ ወጥ ቤታችሁ በሐበሻ ብቻ እናቀርባለን ብለን ቃል አንገባም። የሚገባ ሰው ካለም ጠርጥሩት።

የምንችለው ይህ ነው። ቦቫንስና ሎህማን የመሳሰሉት የፈረንጅ ዶሮዎች በጥሩ መኖ በዓመት 300 ገደማ ይጥላሉ። እኛ ጓሮ ያን ያህል ባይሞሉም ከሐበሻዋ ከእጥፍ በላይ ይጥላሉ። እነዚህን ሜዳ ላይ አውለን፣ ማታ ቆጥና ጎጆ ባለው ቤት አሳድረን፣ በቆሎና ፍሩሽካ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ጨምረን በሳምንት የተወሰነ ትሪ በእርግጠኝነት ልናቀርብ እንችላለን። ይህን ሐሳብ የካቲት ላይ በጽሑፍ ሰጥተናችኋል። አንዱም ቤት አልመለሰልንም። በእኛና በኬጁ እንቁላል ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ እንቁላል አራት ብር ነበር። ከተመጋቢው ግን 15 ብር እየተጨመረ ነው።

ስትተዉን የሆነውንም እንንገራችሁ። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት አባላችን 40 ዶሮ ነበራት። ከጥር በኋላ መኖ መግዛት አቃታት። ለፋሲካ 26ቱን ለወጥ ሸጠች። ከተሸጡት ውስጥ ገና ሁለተኛ ዙር ያልጣሉ ነበሩ። ሌላዋ፣ ሰርቦ መንገድ ያለችው፣ ባለፈው ወር ብረት ሠሪ ጋ ሄዳ ኬጅ አዘዘች። ልንከለክላት ተሰበሰብን። የመለሰችልን እስካሁን ሆዳችን ውስጥ አለ። "ሰሌዳው ላይ የእኔም የኬጁም ስም አንድ ከሆነ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ጭልፊት የማባርረው ለምንድን ነው?" አለች። መልስ አልነበረንም። መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው።

ዶሮ ለቆ ማርባት ከባድ ነው፤ ይህን በደንብ ማወቅ አለባችሁ። ቀን ጭልፊት አለ፣ ማታ ሽለምጥማጥ አለ። ጎረቤት ጎመኑ ተጭሮበት ይቆጣል። ከ12 ጫጩት አምስቱ ካደጉ ጥሩ ነው። ፈንግል የገባ ዓመት ደግሞ በሳምንት ውስጥ ጓሮው ባዶ ይሆናል። የፈንግል ክትባት አለ፣ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ የተሠራው ለብዙ ዶሮ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። 12 ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ አትችለውም። ለዚህ ነው ማኅበር የሆነው። አንድ ቀን ቀጥረን፣ በረዶ በፌስታል ይዘን፣ ከቤት ቤት እየሮጥን በአንድ ጠዋት እንጨርሳለን። ይህንን ወጪ የሸፈነልን የእናንተ የአርብ ክፍያ ነበር።

ጥፋታችንንም አንደብቅም። እኛም ዶሮ እግሯን አስረን፣ ዘቅዝቀን ይዘን ገበያ ሄደናል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በፀሐይ አስረን ልከናል። ዘቅዝቀው የያዟት ዶሮ ዝም የምትለው ተመችቷት ሳይሆን ፈርታ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቅርጫት ብቻ እንድንይዝ ተስማምተናል። ሁሉም አባል ገና አልለመደውም። ቅርጫቱ ቦታ ይይዛል፣ ረዳቱ ተጨማሪ ያስከፍላል። ቢሆንም ቀጥለናል።

የተጠበሰ ዶሮ ለምትሸጡ ደግሞ አንድ ነገር እናክል። የሥጋ ዶሮው በስድስት ሳምንት ገደማ ለዕርድ እንዲደርስ ተደርጎ የተመረጠ ዘር ነው። ሰውነቱ ከእግሩ ይቀድማል። መጨረሻው ላይ መራመድ የሚከብደው ብዙ ነው። በዚህ ላይ መፍትሔ ይዘን አልመጣንም። ከማን እንደምትገዙ፣ ምን ያህል ተጨናንቀው እንደሚያድጉ፣ ጭድ ወይም ሰጋቱራው እርጥብ ይሁን ደረቅ ሄዳችሁ እንድታዩ ብቻ እንለምናለን። እርጥብ ሰጋቱራ ላይ የሚውል ዶሮ እግሩ ይቆስላል። የቆሰለ እግር ደግሞ ለማየት ባለሙያ መሆን አይጠይቅም።

"ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን፤ ከእናንተ አንዱ ብሎናልም። ፈጣን ምግብን ለዓለም ያስተማረው ማክዶናልድስ ነው። ጅማ የለም፣ ኢትዮጵያም የለም። የእናንተ ሜኑ ግን የተቀዳው ከእሱ ነው። እሱ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሜዳ ከሚወጡ ዶሮዎች እንቁላል ነው የሚጠቀመው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሥር ዓመት ውስጥ ከኬጅ እንቁላል እወጣለሁ ብሎ ተናገረ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት 2 ቢሊዮን ያህል እንቁላል ይገዛ ነበር። ጊዜው ሳይደርስ ጨረሰ። እዚያም ቢሆን ከኬጅ ወጣች ማለት ሜዳ ወጣች ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አዳራሽ ውስጥ ነው ያሉት። ግን ይራመዳሉ፣ ይጭራሉ። ድርጅቱ ይህን ያደረገው ለዶሮ አዝኖ ብቻ አይመስለንም። የሚበላው ሰው ስለጠየቀ ነው። በአንድ ቀን አላደረገውም፣ ቀነ ገደብ ቆርጦ ነው። እኛም ከእናንተ የምንፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ገበያ እንቁላሉ ላይ ቁጥር ይታተማል። 0 ከሆነ በኦርጋኒክ አያያዝ የተገኘ ነው፣ 1 ሜዳ ከምትወጣ ዶሮ፣ 2 አዳራሽ ውስጥ ከምትለቀቅ፣ 3 ከኬጅ (እዚያ የተከለከለው ባዶው ኬጅ ነው፤ ቆጥና ጎጆ ያለው አልተከለከለም)። "ሜዳ የምትወጣ" ለመባል ለአንዲት ዶሮ ውጭ 4 ካሬ ሜትር መኖር አለበት። ጅማ ላይ ማኅተም እንምታ አንልም። ገበያ ላይ በኦሮምኛ "ሀንቃቁ ሐበሻ!" (የሐበሻ እንቁላል!) እያልን ስንጣራ ሰዉ የሚያምነን ፊታችንን ስለሚያውቅ ነው። የእናንተ ሰሌዳም እንደዚያ ሊታመን ይገባል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

በመጀመሪያ ሰሌዳው ይስተካከል። የሐበሻ እንቁላል የማትጠቀሙ ቤቶች ጽሑፉንና ሥዕሉን አንሱ፤ በስሙ የምትጨምሩትንም ብር አቁሙ። ይህ ወጪ የለውም፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ እናቀርባለን። ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም፣ በኋላ አልሰማንም እንዳትሉ ነው።

ቀጥሎ፣ እንቁላል ከማንም ብትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዶሮዋ የት ነው የምትውለው? ከቻላችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ሄዳችሁ እዩ። ባለ ኬጁ ሰው እንኳ ጠያቂ ካገኘ መሬት ላይ እንደሚያወርድ ነግሮናል። ያወረደ ቀን እሱም ተፎካካሪያችን ይሆናል። ይሁን፣ ደስ ይለናል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁርሳችሁን ስጡን። ሙሉ ወጥ ቤቱን አይደለም። የቁርስ እንቁላሉን ብቻ፣ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ወይም ከሜኑው አንድ ሳንድዊች። መጠኑን እናንተ ወስኑ፣ እኛ ሳናጓድል እናቀርባለን። የተሰነጠቀውን እንቀይራለን፣ የቆሸሸ አናመጣም፣ ማን ጓሮ እንደተጣለ በትሪው ላይ እንጽፋለን። ዋጋውን ለስድስት ወር ቆርጠን በወረቀት እንፈራረም። መተው ስትፈልጉ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሩን። በር ላይ 18 ትሪ ይዘን አንቁም።

ለዩኒቨርሲቲያችን የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አንድ ልመና አለን። የኮሌጁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው፤ ከጅማ ገበሬ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ተማሪዎቻችሁ ጓሯችን ድረስ መጥተው፣ የዶሮ ቤታችንንና አያያዛችንን አይተው፣ ጉድለታችንን በጽሑፍ ቢሰጡን እንወዳለን። ምግብ ቤቶቹም ከእኛ ቃል ይልቅ ያንን ወረቀት ቢያዩ ይሻላል።

ለተመጋቢው ደግሞ፦ "የሐበሻ" የሚል ሰሌዳ ስታዩ ከማን እንደተገዛ ጠይቁ። አስተናጋጁን አታስጨንቁት፣ እሱ የተነገረውን ነው የሚናገረው። ባለቤቱን ጠይቁ።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሒርማታ ገበያ እንቁላል ተራ እንገኛለን። ከእናንተ ማንም ቢመጣ ጂረን ያሉትን ጓሮዎች ወስደን እናሳያለን። የጠዋቱ ጭጋግ ከተገለጠ በኋላ ብትመጡ ይሻላል። ዶሮዎቹ አፈር የሚታጠቡት ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር

በጅማ ከተማና ዙሪያ ዶሮ ለቀው የሚያረቡ 34 ሴቶችን በመወከል
የማኅበሩ ጸሐፊና እንቁላል ሰብሳቢ
ሰኔ፣ ጅማ